የቀይ በሯ ሽሮ፦ ስምና ሎጎ ለአንድ ብራንድ ምን ይሠሩለታል?

ጎረቤቴ ባልትና ይሠራሉ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አንዳንዴም ድልህ። ሥራውን ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታፔላ ሰቅለው አያውቁም። ማስታወቂያም አስነግረው አያውቁም። ግን በዓል ሲቃረብ በራቸው ላይ ወረፋ አለ።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው «በፓኬት አሽገን ለሱፐርማርኬት እናቅርብ» አላቸው። ፓኬት ደግሞ ስም ይፈልጋል። ለስም ፍለጋው እኔም ተጠራሁ፤ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ ውሎህ ከጽሑፍ ጋር ነው። 'ኩዊን ሳባ ባልትና' ብንለው ምን ይመስልሃል?»

«እትዬ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

«ምን ይላል! 'የቀይ በሯ ሴትዮ ሽሮ እዚህ ነው ወይ?' ይላል እንጂ።»

የግቢያቸው በር ቀይ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ቀይ በር የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙ ደንበኞቻቸው አፍ ላይ ሲንከባለል ኖሯል። እሳቸው ግን ከንግሥተ ሳባ ቤት ሊያመጡት ነበር።

ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ቀን ነው። ንግድ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ ሎጎ ያሠራል። ከዚያ ስም ይለጥፍበታል። ከዚያ «ብራንድ አለኝ» ይላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ደግሞ ቀስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ስም ዋስ ነው

ብራንድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው መተኮስ ነው። ከብት የማን እንደሆነ እንዲታወቅ በጋለ ብረት ይተኮሳል። የእኛም አርብቶ አደሮች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ምልክቱ ላሟ የማን እንደሆነች ይናገራል። ወተት መስጠቷን የሚያውቀው ግን ያለባት ሰው ነው። ምልክቱ ሎጎ ነው። ስለ ወተቷ ሰፈሩ የሚያወራው ደግሞ ብራንዱ ነው።

አሁን ወደ በርበሬ እንመለስ። በርበሬ ሲገዛ ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። ባዕድ ነገር ተደባልቆበት እንደሆነ፣ ዛላው ሳይደርቅ ተፈጭቶ እንደሆነ፣ ቅመሙ ተቆጥቦበት እንደሆነ የሚለየው ወጡ ከተሠራ በኋላ ነው። ያኔ ብሩ ሄዷል። ስለዚህ ገዢ ዋስ ይፈልጋል። ስም የሚሠራው ይህን ሥራ ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ ሰው «መጥፎ ከሆነ ወዴት እንደምትመጡ ታውቃላችሁ» እያለ ነው። ስም ያለው ሰው የሚያጣው ነገር አለው። ስም የሌለው በርበሬ ተበላሽቶ ቢገኝ ተጠያቂ አይገኝም።

እናት ልጇን ሱቅ ስትልክ «ከቀይ በሯ ካልሆነ እንዳታመጣ» ካለች ብራንድ ማለት እሱ ነው። ሎጎ አላየችም። መፈክር አልሰማችም። ግን ልጁ ተጨማሪ ሁለት ሰፈር ይሄዳል፤ እሷም ጥቂት ብር ትጨምራለች። ያ የተጨመረው መንገድና ያ የተጨመረው ብር ነው የስሙ ዋጋ።

ዋስ ግን ሦስት ነገር ካላሟላ ዋስ አይሆንም። ከሌላው ተለይቶ መታወቅ አለበት። ሲፈለግ መገኘት አለበት። ማንነቱም በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ስም፣ ሎጎና ምዝገባ የሚመጡት በእነዚህ በኩል ነው።

ሰው የሚጠራው ስም

ስም የሚያወጣው ባለቤቱ ይመስለናል። ግማሹን የሚያወጣው ግን ሕዝቡ ነው። ቴሌን እንይ። ድርጅቱ ባለሥልጣንም ነበር፣ ኮርፖሬሽንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሰው ግን ያኔም ዛሬም «ቴሌ» ነው የሚለው። «ቴሌ ሄጄ ሲም አወጣሁ» ነው ወሬው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ሲጀመር ስሙ «ቴሌብር» ተባለ። በእኔ እምነት በቅርብ ዓመታት አገራችን ውስጥ ከወጡ የንግድ ስሞች ሁሉ እጅግ የተሳካው ይህ ነው። ለምን ቢባል፣ አዲስ ነገር ሆኖ ሳለ አንድም አዲስ ቃል የለውም። «ቴሌ» ሰው ራሱ ያወጣው የቁልምጫ ስም ነው። «ብር» ኪሱ ውስጥ ያለው ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ማንም ሳያስረዳ ነገሩ ይገባል። ገጠር ያለች ያልተማረች እናት እንኳ አንዴ ሰምታ ትደግመዋለች። «በቴሌብር ላክልኝ» ስትል ምላሷ አይደናቀፍም። ወረቀት ላይ የሚያምር፣ አፍ ውስጥ የማይገባ ስም ግን ገና በመጀመሪያው ወር ሰው ይቆርጠዋል፣ ያጣምመዋል፣ ወይም ይተወዋል።

ሁሉም ስም አቅሙ እኩል አይደለም። የንግድ ምልክት ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ስሞችን እንደ መሰላል ይደረድሯቸዋል። ከታች ያለው የዕቃው የራሱ ስም ነው። «ሽሮ» የሚል ሽሮ። ይህን ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም፤ ቢፈቀድ ሌላው ሰው የሚሸጠውን ምን ብሎ ይጠራል? ከዚያ ከፍ ሲል ገላጭ ስም ይመጣል። «ምርጥ ሽሮ»፣ «ንጹሕ በርበሬ»። ይህም ደካማ ነው፤ ሁሉም ሰው የራሱን ምርጥ ነው ይላልና። ከፍ ሲል ደግሞ ከዕቃው ጋር ግንኙነት የሌለው የታወቀ ቃል አለ። በር ከሽሮ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ጥንካሬው እዚያ ላይ ነው። ከላይ ያለው ጨርሶ ያልነበረ፣ የተፈጠረ ቃል ነው። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ለካሜራው «ኮዳክ» የሚል ስም ሲያወጣ ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ምንም ትርጉም አልነበረውም። አጭር እንዲሆን፣ ሲጠራ እንዳይበላሽ፣ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታ ፈልጎ ነው ያወጣው።

ነጋዴ ግን በተፈጥሮው ወደ ታችኛው የመሰላሉ ክፍል ይሳባል። ገላጭ ስም ቀላል ይመስላል፤ ምን እንደሚሸጥ ወዲያው ይናገራል። ለመጀመሪያው ወር ጥሩ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አጠገቡ አራት «ምርጥ ሽሮ» ተሰልፎ ሲያገኝ ያንን ሁሉ ስም ያሳደገው ለጎረቤቱ ጭምር እንደነበር ይገባዋል።

ሌላም ወጥመድ አለን፤ የጋራ ኩራታችን። ሉሲ፣ ላሊበላ፣ አክሱም፣ ሳባ፣ ሐበሻ፣ አቢሲኒያ። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም አውሮፓ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት የፈለገ ሰው እነዚህን ስሞች በየከተማው ያገኛቸዋል። ስሞቹ ያምራሉ፤ አገር ያስናፍቃሉ። ነገር ግን አንድ ጓደኛችን «ላሊበላ ሄጄ የበላሁት ክትፎ!» ሲል የትኛው ላሊበላ? ባለ ቤቱ ለሃያ ዓመት ጥሩ ክትፎ ቢሠራ ምስጋናው ለሁሉም ላሊበላዎች ይከፋፈላል። አንዱ ላሊበላ የተበላሸ ሥጋ ቢያቀርብ ደግሞ ነቀፌታውም እንደዚያው። ሁሉም ሰው በአንድ ስም ዋስ ከሆነ ዋሱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። «ኩዊን ሳባ»ን የተቃወምኩት በዚህ ነው። ንግሥቲቱን ንቄ አይደለም።

ስለ አጻጻፍም አንድ ነገር ልበል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻ በአራት በአምስት መንገድ ይጻፋል። ስልክ ላይ የሚፈልግ ሰው በየትኛው «ጸ»፣ በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፈው አይታወቅም። መጥበቅና መላላትም አለ። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ መዋኘት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛ ነው። ታፔላ ላይ ያነበበው ሰው ለጓደኛው ሲናገር ሌላ ስም ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። የጎረቤቴ ሽሮ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ዱባይም ዋሽንግተንም ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህም ያሳስባቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ አጻጻፍ መርጦ በፓኬቱም፣ በቴሌግራሙም፣ በደረሰኙም ላይ አለመቀያየር። «ቀይ በር» በግዕዝ ፊደል አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው። ይህ ዕድል ነው።

ስም ከመጠን በላይ ሲሳካ

በክፍለ ሀገር መንገድ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። መኪናው ቀዝቀዝ ሲል ልጆች ከዳገቱ እየሮጡ ይወርዳሉ፤ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ። የሚፈልጉት ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ነው። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ቀድሞ ገበያውን ስለያዘ ስሙ ወደ ጠርሙሱ ተሻገረ። ዛሬ ፕላስቲኩ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ሃይላንድ ነው።

ባጃጅም እንዲሁ። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። በእኛ አገር ግን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ ባጃጅ ነው፤ ተፎካካሪው ቲቪኤስ የሠራውም ጭምር። ኦሞ፣ ሶፍት፣ አምቦ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ምግብ ቤት ገብቶ «አምቦ አምጪልኝ» ያለ ሰው ጋዝ ያለው ማንኛውም ውሃ ቢመጣለት ቅር አይለውም።

ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይችላል። ግን አደጋ አለው። ስሙ የዕቃው ስም ከሆነ የአንድ ሰው ዋስ መሆኑ ቀረ። በአንዳንድ አገሮች ሕጉም ይከተላል። ኤስካሌተር የሚለው ስም፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ፣ በአሜሪካ የኦቲስ ኩባንያ ንግድ ምልክት ነበር። ኩባንያው ራሱ ቃሉን እንደ ተራ የዕቃ ስም ሲጠቀምበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1950 መብቱን አጣው። ከዚህ ለመዳን ያለው መንገድ ስሙን ሁልጊዜ ከዕቃው ስም ጋር ማስኬድ ነው። «ቀይ በር» ብቻ ሳይሆን «ቀይ በር ሽሮ»፣ «ቀይ በር በርበሬ»። በነገራችን ላይ ይህን የመጨረሻውን ጮክ ብላችሁ በሉት። በር፣ በርበሬ። አፍ ላይ ይጫወታል።

ሎጎ ለሚያይ እንጂ ለሚያነብ አይደለም

ስም ለጆሮ ነው፣ ሎጎ ለዓይን። ዓይን ደግሞ ከማንበቡ በፊት ያያል። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳኝ የጊዮርጊስ ቢራ ነው። ፋብሪካው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ፊደል አይለይም ነበር። ነገር ግን ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋውን ሰማዕት የማያውቅ ማን ነበር? በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ። ምልክቱ ሰው ልብ ውስጥ አስቀድሞ የነበረ ሥዕል ነው። ፊደል የማይለየውም በጣቱ እያሳየ ማዘዝ ይችላል።

የአየር መንገዳችንም ጭራ እንደዚያው ነው። ዋሽንግተን ደላስ አየር ማረፊያ በመስታወቱ በኩል አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ያየ ስደተኛ ጽሑፉ እስኪታየው አይጠብቅም። ሆዱ ቀድሞ ይባባል።

ኮካ ኮላ ሌላ ትምህርት አለው። ስሙንም አጻጻፉንም ያወጣው ዲዛይነር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1886 የድርጅቱ ሒሳብ ያዥ ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። ሁለቱ «ሲ» ፊደሎች ማስታወቂያ ላይ ያምራሉ ብሎ አሰበ፤ በጊዜው ሰነድ በሚጻፍበት የእጅ ጽሕፈት ጻፈው። ያ ጽሕፈት ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም ሳይለወጥ ቆየ። በግዕዝ ፊደል ተጽፎ እኛ አገር ጠርሙስ ላይ ሲወጣ እንኳ ያው ነው። እስቲ ጠርሙሱን አንስታችሁ እዩት። «ኮ» ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ መጠምዘዟ፣ ቀዩና ነጩ አለ። ፊደሉ ተለውጦ ሰውየው አልተለወጠም። ጠርሙሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1915 ሲታሰብ ለሠሪዎቹ የተሰጠው ትእዛዝ በጨለማ በእጅ ሲዳሰስ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ሲገኝም እንዲታወቅ የሚል ነበር። ከዚህ የተሻለ የሎጎ ፈተና አላውቅም።

ሎጎ ግን በራሱ አስማት የለውም። የናይኪን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። የተከፈላት 35 ዶላር ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነው ፊል ናይት መጀመሪያ ሲያየው እምብዛም አልወደደውም። ያኔ ምልክቱ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ሯጭ በዚያ ጫማ ሮጦ አሸነፈ! ምልክቱ የሞላው በእነሱ ላብ ነው። ዛሬ ስሙ ሳይጻፍ ምልክቱ ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ «ሎጎዬ አልማረከኝም» ብሎ በየዓመቱ የሚቀይር ሰው ገና መሙላት የጀመረውን ዕቃ እየደፋ ነው።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። ትሮፒካና የተባለው የአሜሪካ የብርቱካን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ማሸጊያውን ቀየረ። ስትሮ የተሰካባት ብርቱካን ከካርቶኑ ላይ ጠፋች፤ በምትኳ ብርጭቆ መጣ። ጭማቂው ያው ነው። ግን ሰው መደርደሪያው ላይ ዕቃውን አጣው። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ሽያጩ 20 በመቶ ወረደ፤ ኩባንያውም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ደንበኛው ስሙን አያነብም ነበር። ብርቱካኗን ነበር የሚፈልገው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ልጃቸው አንድ ወጣት ዲዛይነር አመጣ። ልጁ ትጉህ ነው፤ ያወቀውን ሁሉ አስገባበት። ሹሩባ የተሠራች ሴት፣ መሶብ፣ የበርበሬ ዛላ፣ ጀበና፣ ከኋላ የአገሪቱ ካርታ፣ ዙሪያውን ጥለት። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ደስ ይላል። ሩብ ኪሎ ፓኬት ላይ ሲታተም ግን አንድ ቡናማ ነጠብጣብ ሆነ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና «ይሄ ምንድን ነው፣ ዶሮ ነው?» አሉ። ዲዛይነሩ አንገቱን ደፋ፤ እኔም አዘንኩለት።

ከዚያ አንድ ላይ ቁጭ ብለን ፈተናውን አወጣን። በአንድ ቀለም እንደ ማኅተም ቢመታ ይታያል ወይ? የቴሌግራም ፕሮፋይል ላይ የጥፍር ያህል ቢሆን ይለያል ወይ? አንድ ልጅ አንዴ አይቶት አሸዋ ላይ በእንጨት ሊስለው ይችላል ወይ? ከሱቁ ማዶ ሲታይ ከጎኑ ካሉት ይለያል ወይ? ይህ የመጨረሻው የቀለም ጉዳይ ነው። ባንኮች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ሐምራዊው ከሩቅ ሲታይ ንግድ ባንክ መሆኑን ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም። የባልትና መደርደሪያ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሞልቷል፤ እዚያ መካከል ባንዲራ ማድረግ ራስን መደበቅ ነው።

ሁለተኛው ሎጎ አንድ ቀይ በር ነው። ገርበብ ያለ። በቃ። ዲዛይነሩ ገርበብ ያደረጋት እትዬ በራቸውን ስለማይዘጉት ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ልጁ ግቢው ሁለት ቀን ተመላልሶ አይቶ ነው ያመጣው።

መንጃ ፈቃድ መኪናውን ያንተ አያደርገውም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ። የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ሁለት ነገር ናቸው። የንግድ ስም ንግድ ቢሮ ሄደን ፈቃድ ስናወጣ የምናስመዘግበው ነው። ነጋዴው ማን እንደሆነ መንግሥት የሚያውቅበት ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ላይ ያለው ስምና ሎጎ ነው። እሱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ንግድ ፈቃድ ይዞ «ስሙ የኔ ነው» ማለት መንጃ ፈቃድ ይዞ «መኪናው የኔ ነው» እንደማለት ነው።

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ እንደሆነ ይናገራል። ቀድሞ መጠቀም ብቻውን አያስተማምንም። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ምልክት ሲባል በዓይን የሚታይ ማንኛውም መለያ ነው፦ ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ።

ምዝገባ በዕቃና በአገልግሎት ምድብ ነው። ዓለም አቀፉ አመዳደብ 45 ክፍሎች አሉት። ዳሽን ባንክም ዳሽን ቢራም ያሉት፣ አዋሽ ባንክም አዋሽ ወይንም ያሉት ለዚህ ነው። ባንክ ምድብ 36 ነው፣ ቢራ ምድብ 32። ብር ሊያስቀምጥ የሄደ ሰው ተሳስቶ ቢራ አይገዛም። ነገር ግን አንዱ ተነስቶ «ቀይ ደጅ በርበሬ» ብሎ ቢመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉ አንድ አይደለም፤ ገዢው ግን ይሳሳታል። ሕጉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሰው ይደናገራል ወይ? በርበሬ ያለበት ምድብ 30 ነው። ቡናም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

ሦስት ስሞች

ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ። በዓለም የቡና ገበያ እነዚህን ስሞች የማያውቅ የለም። ስሞቹን የሞሏቸው ገበሬዎቻችን ናቸው፤ በለቀማው፣ በእጥበቱ፣ አልጋ ላይ አስጥቶ ቀኑን ሙሉ በማገላበጡ። ይርጋጨፌ የሚል ፓኬት ከሌላው ቡና በላይ ዋጋ ያወጣል። ጥያቄው ጭማሪው ማን ኪስ ይገባል የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስታርባክስ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቡናው የንግድ ምልክት ማመልከቻ አስገባ። ስሙ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» ነበር። ሽርክና የኛው ቃል ነው። ሲዳሞም የኛው ነው። ያ ቡና በፓውንድ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ገበሬው እጅ የሚገባው ደግሞ ከዚያ እጅግ ትንሽ ነበር።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 ሦስቱንም ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተች። የያኔው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሥራውን የሚመሩት ጌታቸው መንግሥቴ ነበሩ። ይርጋጨፌ አለፈ። ሐረርና ሲዳሞ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወማቸው፤ የአሜሪካው የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤትም መጀመሪያ ላይ አልተቀበላቸውም። ምክንያቱ ከላይ ያየነው መሰላል ነው። «እነዚህ ቡናውን የሚገልጹ ቃላት ናቸው፤ የአንድ ባለቤት ምልክት አይደሉም» ተባለ። አስቡት። ስሙ በጣም ከመታወቁ የተነሳ ተራ ቃል ነው ተብሎ ሊወሰድ ነበር። ሃይላንድ ላይ የደረሰው ዓይነት ነገር፣ ያውም በሰው አገር፣ በሌሎች አፍ።

ስታርባክስ በበኩሉ የቦታ ማረጋገጫ ምልክት ይሻላል አለ። ይህ ቡናው በእርግጥ ከዚያ ቦታ መምጣቱ እየተመረመረ የሚሰጥ ማኅተም ነው። ለአንዳንድ አገር ይሆናል። የእኛ ቡና ግን ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ማሳዎች፣ ከየጓሮው የሚሰበሰብ ነው። እያንዳንዷን ከረጢት ማን ተከታትሎ ይመረምራል? ወጪውስ በማን ላይ ሊወድቅ ነው? ኢትዮጵያ የመረጠችው ስሙን በባለቤትነት ይዞ ለነጋዴዎች ፈቃድ መስጠትን ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ጥቅም አለው?» ይላል። ጥቅሙ ቁልፉ ላይ ነው። ስሙን የሚጠቀም ሁሉ ባለቤቱን አውቆ፣ ተፈራርሞ ይጠቀማል። ስሙ ተራ ቃል ወደ መሆን አይንሸራተትም። ዋጋ ላይ ሲደራደሩም ባለቤቱ ባዶ እጁን አይቀርብም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኦክስፋም የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጉዳዩን ይዞ ዘመቻ ጀመረ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለስታርባክስ ጻፉ፣ ደወሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ኩባንያው የስሞቹን ባለቤትነት አክብሮ በፈቃድ ሊጠቀም ተስማማ።

ስምምነቱ ገበሬውን በአንድ ሌሊት አላበለጸገውም። የቡና ዋጋ ብዙ እጅ አለበት። ግን አንድ ነገር ተለወጠ። በኒውዮርክ መደርደሪያ ላይ «ይርጋጨፌ» የሚል ቃል ሲታይ ከጀርባው ባለቤት አለ። ይህን ስጽፍ አሁንም ልቤ ይሞቃል።

እትዬ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። «እኛ ስንወቅጠው የኖርነውን ቡና፣ ሰው አገር ሄዶ በስማችን!» አሉ ቆይተው። በሳምንቱ ልጃቸውን አስከትለው ማመልከቻ ሊያስገቡ ሄዱ። የሎጎውን ናሙና በፖስታ አድርገው፣ ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው።

ክረምቱ ሲወጣ የግቢው በር ቀለም ተላልጦ ነበር። ልጃቸው «ግራጫ እንቀባው፤ አሁን ፋሽኑ እሱ ነው» አለ። እትዬ መልስ አልሰጡትም። አንድ ፓኬት ሽሮ ከመደርደሪያ አንስተው ቀለም ቤት ሄዱ። ባለ ሱቁ ፊት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና በሯን በጣታቸው እያሳዩ «ይሄንኑ ቀይ ስጠኝ፣ ልጄ» አሉት።